ውዳቂ ብረት

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ሲያልፍ እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ ጥዬ ወደ በሩ ሳላይ አልቀርም። ጎረቤቶቼ ለቁራሌው የምሰጠው አሮጌ ዕቃ ያለኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የማየው የሚወጣ ነገር እንዳለ ሳይሆን የወጣ ነገር እንደሌለ ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። አስራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ መጋረጃና የሴት ቀሚስ እሰፋለሁ። የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውልና «አባ እንዴት ነው?» ይላል። «ደህና ነው» እለዋለሁ። ከዚያ ያለቅሳል፤ እኔ አጽናናዋለሁ። የሚያለቅሰው እሱ፣ አባቴን የማነሳውና የማስተኛው እኔ። አይፈረድበትም፣ ሩቅ ነው። ግን አንዳንዴ ማልቀሱ የእኔ፣ ማንሳቱ የሱ ቢሆን ብዬ እመኛለሁ።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው መጀመሪያ በአሰብ መንገድ፣ በኋላ በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ሲነዳ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ጠንካራ ሰው ነበር። ታዲያ አንድ ጠዋት ለሱብሂ ሶላት ሊነሳ ሲል ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ስትሮክ ነው አሉን። ሕይወቱ ተረፈ፤ ንግግሩ ግን ሄደ። የቀሩለት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። «ያ አላህ» ይላል። «ውሃ» ይላል። «እምቢ» ይላል፤ ይሄኛውን አብዝቶ ይላል። ሌላው «ታኮ» ነው።

ሾፌር ቤት ያላደገ ሰው ታኮ ሲባል ትዝ የሚለው የጫማ ታኮ ነው። ለሾፌር ግን ታኮ ማለት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚሸጎጥ እንጨት ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ከጫማውም ከእንጨቱም ሌላ ነው። ታኮ የምንለው አንድ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ታሪኩን አባቴ አንደበቱ ሳይያዝ በፊት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይተርክ ነበር። ከአሰብ ጭነው ሲመለሱ አፋር በረሃ ውስጥ አንድ ዳገት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። አባቴ በመስኮት ብቅ ብሎ «ታኮ!» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ ደበሌ ዘሎ ወረደ። ታኮ የለም። ለካ ደበሌ የእንጨቱን ታኮ ፈልጦ ሻይ አፍልቶበታል። በረሃ ውስጥ ማገዶ ከየት ይምጣ? መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ደበሌ ድንጋይ ፍለጋ ሮጠ። ዙሪያው አሸዋ ብቻ ነው። በመጨረሻ አሸዋው ላይ ብቻውን ቁጭ ያለ፣ አነስተኛ ድፎ ዳቦ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ አየ። ሊያነሳው ሲል ክብደቱ ወደ ፊት ደፋው። እንደምንም አቅፎ እየተንገዳገደ አመጣና ጎማው ሥር ጣለው። መኪናው ቆመ።

«ከኋላችን ገደል ነበር» ይላል አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ። ከዚያ ድንጋዩን በእጁ መታ መታ ያደርገዋል።

ጡረታ ሲወጣ መኪናውን ለባለቤቱ አስረክቦ ታኮውን ይዞ ቤት ገባ። የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ነፋስ እንዳያላጋው ደግፎ የሚይዘው እሱ ሆነ። ክረምት ሲመጣ ይዝጋል። እናቴ በሕይወት ሳለች «ድንጋይ ሲዝግ ያየሁት እዚህ ቤት ገብቼ ነው» እያለች ታሾፍበት ነበር። አባቴ ግን በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ይዞ ይወለውለዋል። አንደኛው ጥጉ ተሸርፏል። እዚያ ጋ ፀሐይ ሲያርፍበት የማር ጠብታ የመሰሉ ቢጫ ፍንጣሪዎች ያበራሉ። ምንድን ናቸው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ታኮ ታኮ ነው።

ከስትሮኩ በኋላ ፊዚዮቴራፒ የምታሠራው ልጅ ለብቻዬ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ። ቀኝ እግሩን ዝቅ ያለ ነገር ላይ እያወጣና እያወረደ በየቀኑ ካልሠራ ሰውነቱ አልጋ ይለምዳል፣ አልጋ ከለመደ ደግሞ አይነሳም አለችኝ። የእንጨት ሣጥን አቀረብኩለት። «እምቢ» አለ። ዱካ አመጣሁለት። «እምቢ» አለ። አንድ ጠዋት ግቢው በር አጠገብ አስቀምጬው ፀሐይ ሲሞቅ ያንን የማይታዘዝ እግር በግድ እየጎተተ ታኮው ላይ ሲያወጣው አየሁት። «ታኮ» አለ። አወረደው። ደግሞ አወጣው። እኔ የቤቱ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ በከዘራ ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው መሄድ ቻለ። ለሌላ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ጠዋት አስቀምጬው ሥራ መሄድ እችላለሁ ማለት ነው። አባቴ የቆመው በዚያ ድንጋይ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ሙንተሃ፣ ሊጠይቁት ከገጠር መጡ። ደስ አለኝ። የሚያጫውተው ሰው አገኘ፣ እኔም አንድ ቀሚስ ሳላቋርጥ መጨረስ ቻልኩ። አክስቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ቤት ጠርገው፣ ወንድማቸውን አጥበው፣ ምግብ ሠርተው ነው የሚጠብቁኝ። አንድ ነገር ብቻ አለባቸው። መብረቅ ይፈራሉ። ልጅ ሳሉ ዓይናቸው እያየ ላማቸውን ገድሎባቸዋል። ሰማዩ ትንሽ ካጉረመረመ መስታወት በሻሽ ይሸፍናሉ፣ ቀይ ነገር ሁሉ ይደብቃሉ። ቀይ ፔርሙዛችን አልጋ ሥር ስንት ጊዜ እንደገባ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስመለስ የግቢው በር በነፋስ ሲላጋ ከሩቅ ሰማሁት። ታኮው ቦታው ላይ የለም። ቤት ስገባ አክስቴ አልጋው አጠገብ ተንበርክከዋል። ዙሪያቸው ጫማ ተደርድሯል። የአባቴ ጫማዎች፣ የእናቴ አሮጌ ጫማ፣ የእኔም። ለሠርግ የማደርገውን ባለ ታኮ ጫማዬን ገልብጠው ለአባቴ ያሳዩታል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«ልጄ፣ መጣሽ?» አሉኝ። «ይሄ ሰውዬ ከቀትር ጀምሮ ታኮ ታኮ ሲል ዋለ። ያላሳየሁት ጫማ የለም፤ የትኛውን እንደሆነ እንጃለት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እስቅ ነበር።

«አክስቴ፣ በሩ ላይ የነበረው ድንጋይ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ከእሱስ ገላገልኳችሁ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ተኝቶ ሳለ አንድ ቁራሌው አሮጌ ብረት አለ ወይ ብሎ አንኳኳ። አክስቴ የለም ሊሉት ወጡ። ቁራሌዎች ብረቱን ከአልሙኒየሙ የሚለዩበት፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሲባጎ አስረው ይይዛሉ። ሰውየው እያወራ ማግኔቱን ሲያወዛውዝ ታኮው ላይ ጧ ብሎ ተለጠፈ። አክስቴ ድንጋይ ማግኔት ሲይዝ አይተው አያውቁም። ሰውየውም «ይሄ ድንጋይ አይደለም እማማ፣ ብረት ነው» አላቸው። አክስቴ አሰቡት። ወንድማቸው ከበረሃ ነው ያመጣው። አንጥረኛ በሌለበት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የተገኘ ብረት።

«የመብረቅ ብረት ነዋ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መብረቅ ሲወርድ ብረት ይጥላል። የጣለውን ደግሞ ሊወስድ ይመለሳል። ክረምቱ ደረሰ፣ ወንድሜ እግሩን እሱ ላይ ሲያወጣ ይውላል፤ እያየሁ ዝም ልበል? ውሰድልኝ ብዬ ሰጠሁት። ሳንቲም አልተቀበልኩበትም።»

ልቆጣቸው አልቻልኩም። ሴትዮዋ ወንድማቸውን ማዳናቸው ነው። ጫማዬን አነሳሁና ሄጄ የግቢውን በር በሽቦ አሰርኩ።

በማግስቱ አባቴ አልነሳም አለ። ሣጥኑን አመጣሁ። «እምቢ»። ከመንገድ ዳር ያንን የሚያክል ድንጋይ ለምኜ አስመጣሁ። አየው፤ ፊቱን አዞረ። «እምቢ» እንኳን አላለም። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው። ከዚያም በኋላ። ምግብ ሲቀንስ፣ ያ እግሩ ብርድ ልብስ ሥር ዝም ሲል እያየሁ ነበር። ያቺ የፊዚዮቴራፒ ልጅ ያለችኝ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። አልጋ እየለመደ ነበር። አክስቴም ገባቸው መሰለኝ ጫማ ማምጣቱን ትተው ጥግ ይዘው ተቀመጡ።

ቁራሌው እንዴት ይፈለጋል? ስሙ አይታወቅ፣ ቤቱ አይታወቅ። ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ጠዋት መኪናዬን ዘግቼ፣ የስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው፣ ከማዞሪያው ጀምሬ በየመንደሩ ድምፅ እየተከተልኩ እሄዳለሁ። «ቁራሌው!» ሲል እሮጣለሁ፤ ስደርስ ሌላ ሰው ነው። አክስቴ የነገሩኝ ረጅም፣ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ብለው ነው። ለካ ቁራሌው ሁሉ ረጅም ነው፣ ለካ ኮፍያ ሁሉ ሰማያዊ ነው። አንዱ «ድንጋይ ከሆነማ ቆሼ ተጥሎ ይሆናል» ብሎኝ እዚያ ድረስ ሄጄ ያንን የቆሻሻ ተራራ ከታች ሆኜ አየሁት። አንድ ድንጋይ ከዚያ ውስጥ ማን ያወጣል? ታክሲ ይዤ ተመለስኩ። የደንበኞቼ ቀሚሶች ሳይሰፉ ተከምረዋል፤ ስልኬ ይጮኻል፣ አላነሳም። በዚያ ሳምንት አርብ ወንድሜ ሲደውልም «ደህና ነው» አልኩት።

አንድ ሽማግሌ ቁራሌው ግን አዘነልኝ። ልፋቴን ሲያይ «እትዬ፣ በየመንደሩ ምን ያንከራትትሻል? ሁላችንም ማታ ማታ የምንመዝነው አንድ ቦታ ነው» ብሎ አጠና ተራ ጀርባ ያለ መጋዘን ነገረኝ።

መጋዘን ይበሉት እንጂ በቆርቆሮ የታጠረ ጭቃ ግቢ ነው። የአልጋ እግር፣ የተጨማደደ በርሜል፣ ጎማ የሌለው ብስክሌት ተቆልሎበታል። በሩ ላይ «ውዳቂ ብረት እንገዛለን» የሚል ጽሑፍ አለ። መሃል ላይ ትልቅ ሚዛን፣ ሚዛኑ አጠገብ አንድ ሠላሳዎቹን የጀመረ መነጽራም ሰው። ባለ መጋዘኑ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ድንጋይ?» አለኝ። «እህቴ፣ እኛ ድንጋይ ያመጣብንን ሰው ነው የምናባርረው።»

እዚያ ሥራ ላይ ሚዛን እንዲደፋ ማዳበሪያው ውስጥ ድንጋይ መደበቅ የታወቀ ሌብነት ነው። ባለ መጋዘኑ ሲያስታውሰው ገና ይናደዳል። «ሰሞኑን አንዱ ሳይደብቀው፣ በግልጽ፣ ድንጋይ አምጥቶ ሚዛኔ ላይ አወጣ። ብረት ነው ይለኛል። ሌብነት አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ንቀት ነው። ሁለተኛ እግርህ እንዳይረግጥ ብዬ አስወጣሁት።»

«ድንጋዩስ?»

«ጣልኩታ። ወዲያ ነው የወረወርኩት።»

ወዲያ ብሎ ያሳየኝ አቅጣጫ ሁሉም ነገር የተቆለለበት ነው። የተኛ በርሜል ላይ ተቀመጥኩ። ደከመኝ። አባቴ አልጋ ላይ እንደሚቀር፣ እኔም አብሬው እንደምቀር ታየኝ። ወንድሜን «ደህና አይደለም» የምልበት ቀን እንደመጣ ታየኝ።

ፊት ለፊቴ ብረት የተጫነ መኪና ቆሟል። ወደ ማቅለጫው ሊሄድ ሾፌሩ ነው የሚጠበቀው። ግቢው ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። የጎማውን ጭቃ እያየሁ ሳለ ዓይኔ የኋላ ጎማው ሥር የተሸጎጠ ነገር ላይ ቆመ። ጭቃ ለብሷል። ያም ሆኖ አወቅሁት። የመኪናው ረዳት ታኮ ሲያጣ ከመሬት ያገኘውን አንስቶ ሸጉጧል። እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ያ ድንጋይ ከዚያ ሁሉ ብረትና ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ መሃል የድሮ ሥራውን ፈልጎ ገብቷል።

ሮጬ ሄጄ እጄን ጎማው ሥር ሰደድኩ። ግቢው በጩኸት ተሞላ። መነጽራሙ ሰውዬ ደርሶ ትከሻዬን ያዘ።

«ማዘር! መኪናው ይመጣብዎታል። ምን እየሆኑ ነው?»

«የአባቴ ነው» አልኩት። በሻሼ ጫፍ ጭቃውን ጠረግሁት። የተሸረፈው ጥግ ብቅ አለ፤ ቢጫ ፍንጣሪዎቹ ፀሐይ ሲያገኛቸው አበሩ። «ይኸው፣ በዚህ ነው የማውቀው።»

ሰውየው አጠገቤ ቁጢጥ አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገው። ማግኔቱን አስጠጋ፤ ጧ አለ። ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ «ይሄን ከየት አመጡት?» አለኝ።

ነገርኩት። በረሃውን፣ ዳገቱን፣ ደበሌን፣ አባቴን።

ስሙ ቢንያም ነው። ጂኦሎጂ ተመርቋል፤ ሥራ ሲፈልግ ሲፈልግ እዚህ ሚዛን ላይ ቀርቷል። ሙላት የሚባለው ቁራሌው ድንጋዩን ያመጣ ቀን እሱ አልነበረም። «ይሄ ከሰማይ የወደቀ ነው ማዘር» አለኝ። «ድንጋይም ነው፣ ብረትም ነው። ቢጫዎቹ ድንጋዩ ናቸው፣ አቅፎ የያዛቸው ብረቱ ነው። እንዲህ ያለው ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። እኔ ራሴ ያየሁት በመጽሐፍ ሥዕል ነው።» ከዚያ ወደ በሩ ጽሑፍ እያየ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ድካም ነበረበት። «ቀኑን ሙሉ ውዳቂ ብረት እመዝናለሁ። እውነተኛው ውዳቂ ብረት እኮ እዚህ ጎማ ሥር ነበር።»

መደነቅ ነበረብኝ። ለእኔ የታየኝ ግን አክስቴ ማሸነፋቸው ነው። «እባክህ፣ አክስቴ እንዳይሰሙ» አልኩት። አክስቴን የት ያውቃቸዋል።

ባለ መጋዘኑ ሻዩን አስቀምጦ መጣ። የሰማው አንዷን ቃል ብቻ ነው። «ብረት ከሆነ እንግዲህ የመጋዘኑ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ድካሜ ሁሉ ወደ ንዴት ተለወጠ። «ድንጋይ ሲሆን የሌባ፣ ብረት ሲሆን ያንተ?» አልኩት።

ቢንያም ወደ በሩ ሄደ። ሙላት ከተባረረ ወዲህ በየቀኑ ይቅርታ ሊጠይቅ እየመጣ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል፤ ይዞት ገባ። እውነትም ረጅም ነው፤ ኮፍያው ግን አረንጓዴ ነው። ነገሩን ሲሰማ ቀና ብሎ ባለ መጋዘኑን አየው።

«ጋሼ፣ ድንጋይ ነው ብለው አልተቀበሉኝም» አለ። «ካልተቀበሉኝ የእኔ ነው። የእኔ ከሆነ ደግሞ ለባለቤቱ መልሻለሁ።»

ባለ መጋዘኑ ወደ ሚዛኑ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ በጊዜ ና» አለው ሙላትን። «ወደ ማታ ሰልፍ ይበዛል።» ይቅርታ መጠየቁ ይሄው ነበር፤ ሙላትም እንደዚያው ተቀበለው። ረዳቱ አንድ አሮጌ ቸርኬ አምጥቶ ጎማው ሥር አስገባ፤ ታኮውን አወጡልኝ።

ቢንያም በትከሻው ተሸክሞ እስከ ቤታችን አመጣው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቀምጦ አረፈ፤ ባረፈ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል። የሚመለከታቸው ምሁራን ቢያዩት ለአገርም ለትምህርትም ይጠቅማል አለኝ። «አባቴ ሲጨርስበት» አልኩት። ገባው። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

አልጋው አጠገብ አስቀመጠው። አባቴ ድምፁን ሰምቶ ዞረ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ብርድ ልብሱን በደህናው እጁ ገፈፈ። እግሩን ያወጣነው እኔና ቢንያም ነን፤ ታኮው ላይ ሲያርፍ ግን ራሱ ተጫነው። «ታኮ» አለ። ቢንያም በአክብሮት ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ይሄ ድንጋይ እኮ ከሰማይ ነው የወደቀው» አለው። አባቴ ቀና ብሎ አየው። «እምቢ» አለ።

ሦስታችንም ሳቅን። አክስቴ አልሳቁም። በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። «አላልኩም?» አሉ። «ከሰማይ አላልኩም?»

ከዚያ ወዲያ ታኮውን ዞረው ነው የሚያልፉት። ቤት ሲጠርጉ እንኳን ዙሪያውን ይተዉታል። አገሬ መልሽኝ አሉኝ። እኔ ደግሞ የተከመሩትን ቀሚሶች እስክጨርስ ይቆዩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ቆዩልኝ፤ ግን ሰማዩን እያዩ።

ያ የፈራሁት ቀን ሰኔ ላይ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ ሱቅ ነኝ። ሰማዩ ድንገት ጠቆረና በረዶ መጣል ጀመረ፤ ነጎድጓዱ የቆርቆሮውን ጣራ ያንቀጠቅጠዋል። ታኮውን ወደ ቦታው መልሰነዋል፤ ጠዋት ስወጣ በር ላይ ነበር። አባቴና አክስቴ ብቻቸውን ናቸው። ፕላስቲክ ራሴ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ጎርፉ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው። ወደ ቤት ስቃረብ የግቢው በር ሲላጋ ሰማሁት። ታኮው በር ላይ የለም።

ዝናቡ ውስጥ ቆሜ «በቃ» አልኩ። እንደገና ድምፅ እየተከተልኩ የምዞርበት ጉልበት አልነበረኝም። ማንንም አልተቆጣሁም። ደከመኝ ብቻ።

ቤት ገባሁ። መስታወቱ በሻሽ ተሸፍኗል። ቀዩ ፔርሙዝ አልጋ ሥር ነው። ከበሩ ጀምሮ ወለሉ ላይ የጭቃ መስመር ተስሏል፤ አንድ ከባድ ነገር ተጎትቶ ገብቷል። መስመሩ የሚያልቀው አልጋው ሥር ነው። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እግሩ ታኮው ላይ ነው። አክስቴ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ርሰው፣ እጃቸው ተልጦ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው የአባቴን እግርና ድንጋዩን አንድ ላይ አቅፈዋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ነጎድጓዱ ሲያልፍ መምጣቴን አወቁ። ዓይናቸውን ግን አልገለጡም።

«ታኮ አለኝ» አሉ። «ጫማ አላመጣሁለትም።»

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ይፈሩ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«እፈራለሁ» አሉ። «መብረቁ ብረቱን ከፈለገ ይምጣ። እኔም ይዤዋለሁ።»

በረዶው እስኪያባራ ሦስታችንም እንደዚያው ተቀመጥን።

አክስቴ አሁን አገራቸው ገብተዋል። እዚያ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ይደውሉልኛል። የሚጠይቁኝ ታኮው ከቤት ወጥቷል ወይ ብለው አይደለም፤ እንዳይዝግ ወደ ውስጥ ገብቷል ወይ ብለው ነው። ቢንያምም አልፎ አልፎ ይመጣል። ለአባቴ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ድንጋዩን በናፍጣ ጨርቅ ወልውሎ ይሄዳል። አሁንም ሚዛን ላይ ነው።

እኔ አሁንም ይደክመኛል። ድንጋይ ከሰማይ ስለወደቀ ልብስ አይሰፋልኝም፣ አባቴንም አያጥብልኝም። ግን ያን ቀን ካየሁት በኋላ ብቻዬን የምሸከም አይመስለኝም። ወንድሜ አርብ አርብ ይደውላል፤ «አባ እንዴት ነው?» ይላል።

«ቆሟል» እለዋለሁ።

ዘይነባ፣ ከኮልፌ